የማሳኦካ ሺኪ የብርድ ወራት

የሰው ልጅ ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናብ፣ ከነፋስና ከብርድ ለመጠለል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቤት እነዚህን ባላጋራዎች ሁሉ እኩል ሊመክት ስለማይችል፣ ሠሪው አንደኛውን ለመከላከል ሲል ከሌላው ጋር መታረቅ ግድ ይሆንበታል። የጃፓን አናጢዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሊከላከሉት የመረጡት ባላጋራ የሙቀት ወራትን እርጥብ ወበቅ ነበር። ብርዱን ግን ለነዋሪው ትዕግሥት ተዉት። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኩሴና ደራሲ ዮሺዳ ኬንኮ፣ ቤት ሲሠራ በቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባው የሙቀቱ ወራት እንደ ሆነ፣ በብርዱ ወራት ግን ሰው የትም ቢሆን መኖር እንደማያቅተው ጽፎ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ጤነኛና ብርቱ ለሆነ ሰው የሚያስኬድ ይመስላል። ከመኝታው መነሣት ለማይችል በሽተኛ ግን ፍርድ ነው። ለዚህም ከማሳኦካ ሺኪ ሕይወት የበለጠ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። ሺኪ በዐሥራ ሰባት ቀለም ብቻ የሚቋጨውን ሃይኩ የተባለ የጃፓን ግጥም ከውድቀት አንሥቶ ለአዲሱ ዘመን ያበቃ፣ ታንካ የተባለውንም ሌላውን ጥንታዊ የግጥም ዓይነት ያደሰ ታላቅ ባለቅኔ ነው። ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱን ሳይሞላ የሞተ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በቶኪዮ፣ ኔጊሺ በተባለው ሰፈር፣ ግድግዳው በከፊል ወረቀት በሆነ ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ተኝቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ወጣትነቱ

ሺኪ በ1867 ሺኮኩ በተባለው ደሴት፣ በማትሱያማ ከተማ ተወለደ። የቶኩጋዋ መሳፍንት አገዛዝ የሚያከትምበት፣ በዓመቱም የሜጂ ዘመን የሚብትበት ጊዜ ነበር። አባቱ ማሳኦካ ትሱኔናኦ ዝቅተኛ ማዕርግ ያለው የሳሙራይ ወገን ሲሆን፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በ1872 ሞተ። አዲሱ መንግሥት የሳሙራዮችን ቀለብ ስላስቀረ፣ እናቱ ወይዘሮ ያኤ ልብስ ስፌት እያስተማሩ ልጃቸውንና ታናሽ እኅቱን ሪትሱን አሳደጉ። የእናቱ አባት ኦሃራ ካንዛን በኮንፊሽየስ ትምህርት የታወቁ ሊቅ ስለነበሩ፣ የቻይናን ጥንታዊ ጽሑፍ ለልጅ ልጃቸው ያስጀመሩት እርሳቸው ናቸው።

ማትሱያማ በውስጠኛው ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ ለዘብ ያለ አየር ያላት ከተማ ናት። ሺኪ በ1883 በአጎቱ ረዳትነት ለትምህርት ወደ ቶኪዮ ሲሄድ፣ ከትውልድ ስፍራው ይልቅ ብርዱ የሚጠነክርበት፣ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ የቤቱን መዝጊያ የሚያንቀጫቅጭበት አገር ጠበቀው። በዚያን ጊዜ ግን ብርዱ አላሳሰበውም። ወጣትና ጤነኛ ነበር። ከአሜሪካ ገብቶ ገና በመለመድ ላይ የነበረውን ቤዝቦል የተባለ ጨዋታ ከልቡ ወድዶ ይጫወት ነበርና፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2002 ስሙ በጃፓን የቤዝቦል ባለውለታዎች መዝገብ ሊጻፍ በቅቷል።

በሜይ 1889 በድንገት ደም ተፋ። የበሽታው ጀርም በሮበርት ኮኽ ከተገኘ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሚያድን መድኃኒት ግን የተገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ በዚያን ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው ማለት የሞት ቀን ተቆረጠለት እንደ ማለት ነበር። በሩቅ ምሥራቅ ልማድ ደም እስኪተፋ ድረስ ይጮኻል የሚባል ኩኩ የተባለ ወፍ አለ። ሺኪ የዚህ ወፍ አንዱ መጠሪያ ነው። ኖቦሩ ይባል የነበረው ወጣት ይህን ስም ለብዕሩ መረጠና ዕጣውን በግልጽ ተሸከመ። ኋላ ታላቅ ልብ ወለድ ደራሲ ከሆነው ከናትሱሜ ሶሴኪ ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት የመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው።

ሺኪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቢጀምርም አልጨረሰውም። በ1892 ኒፖን በተባለው ጋዜጣ በወር 15 የን ደመወዝ ተቀጠረ፤ እናቱንና እኅቱንም ከማትሱያማ አስመጣ። በ1894 መጀመሪያ ላይ ሦስቱም፣ የጋዜጣው ባለቤትና የሺኪ ደጋፊ በነበረው በኩጋ ካትሱናን ቤት አጠገብ፣ በኔጊሺ ወደሚገኝ አንድ የኪራይ ቤት ገቡ። ሺኪ እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረው በዚሁ ቤት ነው።

የወረቀቱ ቤት

ቤቱ ዝቅ ያለና ጠባብ፣ በዘመኑ አነስተኛ ገቢ ያላቸው የቶኪዮ ሰዎች ይከራዩት ከነበረው ዓይነት ነበር። የዚህን ዓይነት ቤት ጣራ የሚሸከሙት የእንጨት ዐምዶች እንጂ ግድግዳዎች አይደሉም። በዐምዶቹ መካከል በቀርከሃ ርብራብ ላይ በጭቃ የተመረገ ስስ ግድግዳ አለ፤ በቀረው ስፍራ ደግሞ ሾጂ የተባሉ፣ በስስ እንጨት ፍሬም ላይ ነጭ ወረቀት የተለጠፈባቸው ተንሸራታች መዝጊያዎች ይቆማሉ። ወለሉ እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን ከሥሩ ነፋስ ይመላለሳል። በወለሉም ላይ ታታሚ የተባለው ወፍራም የገለባ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከመዝጊያዎቹ ውጭ ጠባብ የእንጨት በረንዳ አለ፤ ሌሊት ሌሊት የሚዘጉ የሳንቃ መዝጊያዎችም ይኖሩታል። ጣራው የሙቀት ወራትን ፀሐይና ኃይለኛ ዝናብ እንዲመልስ ወደ ውጭ ረዝሞ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በጁላይና በኦገስት ጥበብ ነው። መዝጊያዎቹ ተነሥተው ሲቀመጡ ቤቱ ወደ ዳስነት ይለወጥና ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ቀላልነቱም ምድር በምትናወጥበት አገር የራሱ ጥቅም ነበረው። በጃንዋሪ ግን ያው ነፋስ በየመዝጊያው ግጥምጥም፣ በየወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል። በጣራውና በግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚያግድ ምንም ነገር ስለሌለ፣ በክፍሉ ውስጥ እሳት ቢነድድ እንኳ ሙቀቱ ሰማዩን ለማሞቅ ይሄዳል። ውጭው ሲበርድ ውስጡም ይበርዳል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

በመሆኑም ጃፓናውያን ክፍሉን ለማሞቅ መድከሙን ትተው ሰውነትን ብቻ የማሞቅ ዘዴ አዳበሩ። ሂባቺ የተባለው፣ አመድ የተሞላና በአመዱ መካከል ጥቂት የከሰል ፍም የተቀበረበት ማንደጃ የሚያሞቀው ወደ እርሱ የተዘረጉትን እጆች ነው። ኮታትሱ የተባለው ደግሞ የፍሙን ዕቃ በእንጨት መደብ ሸፍኖ፣ በመደቡ ላይ በጥጥ የተሞላ ሰፊ ብርድ ልብስ የሚዘረጋበት ሲሆን፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ እግሩን ከሥሩ ያሞቃል። በመኝታ ጊዜ ዩታንፖ የተባለው የፈላ ውሃ ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር አጠገብ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ በጥጥ የታጨቀ ልብስ ደራርቦ መልበስ አለ። ከሰል ሽታው የማይታወቅ ገዳይ ጭስ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ያው የነፋስ ቀዳዳ ነዋሪውን ከመታፈን ያድነው ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ በብልኀት የተሞሉ ናቸው። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ሰውየው ወደ ሙቀቱ መሄድ መቻል አለበት። እጁን ወደ ሂባቺው መዘርጋት፣ ወደ ኮታትሱው መጠጋት፣ ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ወጥቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ስፍራ የለውም። የሺኪም ዕድል ይኸው ሆነ።

ከመኝታ ጋር መጣበቅ

በ1895 ጃፓን ከቻይና ጋር ስትዋጋ ሺኪ የወዳጆቹን ምክር ሳይሰማ ጋዜጠኛ ሆኖ ዘመተ። በኤፕሪል ወደ ሥፍራው ደረሰ፤ ወዲያው ሰላም ስለወረደ ጦርነት ሳያይ ተመለሰ። በሜይ በመመለሻው መርከብ ላይ ደም እየተፋ ከኮቤ ወደብ ወርዶ ሆስፒታል ገባ፤ ከሞትም ለጥቂት ዳነ። በዚያው ዓመት በማትሱያማ መምህር ሆኖ ይሠራ በነበረው በሶሴኪ ማረፊያ ቤት 52 ቀን ካገገመ በኋላ ወደ ቶኪዮ ሲመለስ ዳሌው ላይ ኃይለኛ ሕመም ይሰማው ጀመር። መጀመሪያ ቁርጥማት መስሎት ነበር። በ1896 ግን ሐኪሙ ነቀርሳው ከሳንባው አልፎ የአከርካሪ አጥንቱን እየበላ መሆኑን ነገረው።

ከዚያ ወዲያ ሺኪ ቀስ በቀስ ከመኝታው ጋር ተጣበቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አልረዳውም። ወገቡና ዳሌው እየተበሳ መግል ይፈስሰው ጀመር። መገላበጥ እንኳ ጭንቅ ሆነበት። ዓለሙም ስድስት ታታሚ በሚነጠፍበት፣ ስፋቱ ወደ 10 ካሬ ሜትር በሚጠጋ ክፍል ተወሰነ። በሙቀቱ ወራት ሾጂው ሲከፈት ትንሹን የጓሮ አትክልት ያይ ነበር። የብርዱ ወራት ሲመጣ ግን ሁለት ክፉ ነገሮች ፊት ለፊቱ ተደቀኑ። ሾጂው ከተከፈተ የፀሐይ ብርሃን ይገባል፤ አብሮት ግን በሽተኛ ሳንባ የማይችለው የውርጭ ነፋስ ይገባል። ሾጂው ከተዘጋ ነፋሱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ሰውየው ግን በወረቀት ተጋርዶ ደብዛዛ ነጭ ብርሃን ብቻ እያየ ይውላል። ስለዚህ በ1896 በቶኪዮ በረዶ ሲጥል ሺኪ በገዛ ጓሮው የወረደውን በረዶ የሚያውቀው በቤተሰቡ ወሬ ነበር። ያን ጊዜ የጻፋቸው በጣም አጫጭር ግጥሞች ዛሬ በጃፓን ተማሪ ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ለዚህ ሰው አለማየት ተራ ጉድለት አልነበረም። ሺኪ ከሠዓሊው ከናካሙራ ፉሴትሱ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ፣ ባለቅኔም እንደ ሠዓሊ ነገሩን ራሱን እያየ መጻፍ አለበት የሚል እምነት ይዞ ነበር። ከመጻሕፍት የተቀዳ ጨረቃ፣ ከልማድ የመጣ አበባ አያስፈልግም፤ ባለቅኔው በዓይኑ ያየውን ቀላል ነገር በቀላል ቃል ያስፍር ይል ነበር። አዲሱ የሃይኩ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በ1897 በማትሱያማ የተቋቋመው ሆቶቶጊሱ የተባለው መጽሔት በዓመቱ ወደ ቶኪዮ መጥቶ በደቀ መዝሙሩ በታካሃማ ኪዮሺ እጅ ሲታተም፣ ይህ ሐሳብ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ነገር ግን ማየትን ያስተማረው ሰው ራሱ ከዓመቱ እኩሌታ ማየት የተከለከለ ነበር።

መስተዋቱ

በዲሴምበር 1899 ኪዮሺ ለመምህሩ አንድ ነገር አደረገለት። በደቡብ በኩል፣ በጓሮው ፊት ለፊት የነበሩት የወረቀት መዝጊያዎች ተነሥተው በስፍራቸው መስተዋት የተገጠመባቸው ተንሸራታች በሮች እንዲቆሙ አደረገ። በዚያን ጊዜ የመስኮት መስተዋት በጃፓን በፋብሪካ አይመረትም ነበር፤ ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበረና በድኻ የኪራይ ቤት ውስጥ ማየት የተለመደ አልነበረም።

የዚህ ስጦታ ጥቅም በሙያው ዓይን ሲመረመር እንዲህ ነው። ቶኪዮ ባለችበት በሰላማዊ ውቅያኖስ ወገን የብርዱ ወራት ደረቅና ፀሐያማ ነው፤ በጃፓን ባሕር በኩል ያሉት አውራጃዎች በበረዶ ሲቀበሩ የቶኪዮ ሰማይ ጠርቶ ይውላል። ፀሐይዋም በዚያ ወራት ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ፣ ወደ ውጭ በረዘመው ጣራ ሥር አልፋ ወደ ደቡብ በዞረ ክፍል ውስጥ ጠልቃ ለመግባት ትችላለች። የጥንቱ አናጢ ጣራውን ሲያስረዝም ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። የጎደለው፣ ፀሐይዋን አስገብቶ ነፋሱን የሚያስቀር ነገር ነበር። መስተዋት ይህን ያደርጋል። የፀሐይን ጨረር ያሳልፋል፤ ጨረሩ ወለሉንና ፍራሹን ካሞቀ በኋላ ተመልሶ ሊወጣ የሚፈልገውን ሙቀት ግን ይይዛል። ሺኪ ለዓመታት ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደድበት የነበረው ክፉ ምርጫ በአንድ ቀን ተሻረ።

በእርግጥ አንድ ንጣፍ መስተዋት ቤቱን ሙቅ አላደረገውም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ስስ መስተዋት ሙቀት በፍጥነት ያስወጣል፤ ጣራውም ወለሉም እንደ ቀድሞው ነበሩ። ሌሊቱ የሳንቃ መዝጊያ፣ የዩታንፖና የብርድ ልብስ ሌሊት መሆኑ አልቀረም። ቀኑ ግን ሌላ ቀን ሆነ። በሽተኛው ፍራሹ ላይ እንዳለ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። የጥድ ቅርንጫፍ፣ የወፎች ጎጆ፣ የሚያልፈው ደመና፣ በአትክልቱ ላይ ያደረው ውርጭ በዓይኑ ፊት ሆኑ። ሺኪ በ1900 በዚህ የመስተዋት በር ላይ ተከታታይ ታንካዎች ጻፈ፤ ለሠራለትም ሰው በግጥም ምርቃት አቀረበለት። በጃፓን ቅኔ ውስጥ ከዚያ በፊት እምብዛም ስፍራ ያልነበረው መስተዋት፣ ከቼሪ አበባና ከጨረቃ ጎን ገባ። ማየትን ያስተማረው ሰው ዓመቱን ሙሉ የማየት መብቱን አገኘ።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ስላለው፣ ጉልበቱ የሚገባበት ቦታ የተቦረቦረለት ጠረጴዛ ተሠራለት። በጥሩ ቀን ከመስተዋቱ ሥር በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይጽፍ ነበር። በአዲሱ ዓመት በ1901 አንድ ወዳጁ ትንሽ የዓለም ሉል አበረከተለት። አንድ ጠብታ ቀለም የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን የጋዜጣ ጽሑፉን በጃንዋሪ የጀመረው፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠውን ይህን ሉል በመግለጽ ነው። ከፍራሹ ሊወርድ የማይችል ሰው ዓለምን በሙሉ አጠገቡ አስቀምጦ፣ 164 ክፍል የደረሰ ጽሑፍ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ድረስ አወጣ።

የሁለቱ ሴቶች ድርሻ

የሺኪን የብርድ ወራት ስናስብ እናቱንና እኅቱን መርሳት ተገቢ አይሆንም። በዚያ ቤት ሙቀት በራሱ አይመጣም ነበር። ከሰሉ መቀጣጠል፣ ፍሙ በአመድ መዳፈን፣ ውሃው መፍላት፣ የሳንቃው መዝጊያ ጧት መከፈትና ማታ መዘጋት ነበረበት። ሪትሱ በየቀኑ የወንድሟን ቁስል ታጥባለች፤ በመግል የራሰውን ፋሻ ትለውጣለች፤ ታበስላለች፤ ልብስ ታጥባለች፤ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት ታቀርባለች። የሺኪ ገቢ በመጨረሻ ከጋዜጣው 40 የን፣ ከመጽሔቱ 10 የን፣ በጠቅላላው በወር 50 የን ደርሶ ነበር። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራዩን፣ የመድኃኒቱን፣ ለበሽተኛው ብርታት የሚገዛውን ዓሣ ከፍሎ ለአስታማሚ ደመወዝ የሚተርፍ አልነበረም። ሪትሱ ነርስም፣ ወጥ ቤትም፣ ጸሐፊም ነበረች።

ሺኪ በግል ማስታወሻው ስለ እኅቱ በጣም መራራ ቃል ጽፏል። ርኅራኄ እንደሌላት፣ ልቡን እንደማትረዳ አማርሯል። በዚያው ማስታወሻ ግን እርስዋ አንድ ቀን ብትታጣ ቤቱም እርሱም እንደሚጠፉ አልሸሸገም። ይህን ማስታወሻ የሚያነብ ሰው የሕመሙን ጭካኔ ይረዳል። አንድ በሽተኛና ሁለት ሴቶች፣ እያንዳንዱ ጣር በሚሰማበት በወረቀት በተከፈለ ቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን አብረው ይኖሩ ነበር። ለበሽተኛው ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ተሰጠው፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ሥራቸው በቀዝቃዛው ወለል ላይ ነበር።

በኦክቶበር 1901 አንድ ቀን ሪትሱ ወጥታ ሳለ፣ እናቱም ቴሌግራም ሊያስልኩ በሄዱበት ሰዓት፣ ሺኪ ብቻውን ቀረ። ሕመሙ ከልክ ስላለፈ አጠገቡ በነበረው የጽሕፈት ሣጥን ውስጥ ያለውን ትንሽ ቢላዋና ወስፌ የመሰለ መውጊያ እያየ ራሱን ለመግደል ተፈተነ። አላደረገውም። ፈተናው ካለፈ በኋላ ሁለቱን መሣሪያዎች በማስታወሻው ላይ በሥዕል አሰፈራቸው። ነገሩን እያየ መጻፍ የሚለውን መመሪያውን በዚያች ሰዓትም አልተወም።

የመጨረሻው ዓመት

የ1902 መጀመሪያ ክፉ ነበር። በጃንዋሪ ሕመሙ ስለበረታ፣ ኪዮሺ፣ ካዋሂጋሺ ሄኪጎቶ፣ ኢቶ ሳቺዮና ሌሎቹም ደቀ መዛሙርት ተራ ገብተው ያድሩ ጀመር። ከሞርፊን በቀር ሕመሙን የሚያስታግስ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ሶሴኪ በመንግሥት ስኮላርሺፕ በሎንዶን ይኖር ነበር። ከዚያ የላከው ደብዳቤ በሆቶቶጊሱ ታትሞ ሺኪን እጅግ አስደስቶት ስለነበር፣ በኖቬምበር 1901 ሌላ እንዲጽፍለት የሚለምን የመጨረሻ ደብዳቤ ልኮለት ነበር። የአንዱ ወዳጅ ብርድ በድንጋይ ከተማ፣ የሌላው ብርድ በወረቀት ቤት ነበር፤ ዳግመኛም አልተገናኙም።

የብርዱ ወራት አለፈ። በሜይ 5 ቀን 1902 ሺኪ በኒፖን ጋዜጣ አዲስ ተከታታይ ጽሑፍ ጀመረ። ርእሱ የበሽተኛ አልጋ፣ ስድስት ሻኩ የሚል ነው። ስድስት ሻኩ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የአንድ ፍራሽ ርዝመት ነው። ይህች ስፍራ ለእርሱ እንደምትሰፋው የሚገልጸው ጽሑፍ በሴፕቴምበር 17 ቀን 127ኛ ክፍል ደረሰ።

ከመስተዋቱ ውጭ ሄቺማ የተባለ የቅል ዘር የሚወጣበት የቀርከሃ ዳስ ነበር። የብርዱን ወራት ፀሐይ የሚያስገባው መስተዋት በሙቀቱ ወራት ክፍሉን እንዳያቃጥለው፣ የሐረጉ ቅጠል ጥላ ይሆን ነበር። ቅጠሉ በጊዜው ረግፎ ፀሐይዋን መልሶ ይለቅቃል። ከግንዱ የሚንጠባጠበው ውሃም አክታ ያቃልላል ይባል ነበር። በሴፕቴምበር 18 ቀን ጧት ሺኪ በሪትሱና በሄኪጎቶ ተደግፎ፣ በሳንቃ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሦስት ሃይኩ ጻፈ። ሦስቱም ስለ ሄቺማ ነበሩ። በማግሥቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ እናቱና እኅቱ ባሉበት፣ ኪዮሺም በቤቱ ባደረበት ሌሊት ዐረፈ። በታባታ፣ ዳይርዩጂ በተባለው ቤተ መቅደስ ግቢ ተቀበረ።

ከእርሱ በኋላ

ሪትሱ ወንድሟ ከሞተ በኋላ የሴቶች የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ኋላም በዚያው የልብስ ስፌት መምህርት ሆነች። ወይዘሮ ያኤ በ1927፣ ሪትሱ በ1941 ሞቱ። ቤቱ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። በ1950 በደቀ መዛሙርቱ ጥረት በቀድሞው መልክ ተሠራ፤ በ1952 የቶኪዮ ከተማ ታሪካዊ ስፍራ ብላ መዘገበችው። ዛሬም ጎብኚው የመስተዋቱን በር፣ የተቦረቦረውን ጠረጴዛ አምሳያና የሄቺማውን ዳስ ያያል።

በሰፊው አገር ደግሞ በ1899 እንደ ብርቅ የታየው ነገር ብዙ ሳይቆይ የተለመደ ሆነ። በ1907 የተቋቋመው የአሳሂ መስተዋት ኩባንያ በ1909 የመስኮት መስተዋት በአገር ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ የመስተዋት በር በከተማ ቤቶች በረንዳ ላይ እየተስፋፋ ሄደ። ሶሴኪ በ1915፣ ከሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በብርዱ ወራት ታሞ ከቤት ሳይወጣ የጻፋቸውን ድርሰቶች በመስተዋት በር ውስጥ ብሎ ሰየማቸው። አርክቴክቱ ፉጂይ ኮጂ በ1928 በኪዮቶ አቅራቢያ በሠራው ቤት የአገሩን አየር ጠባይ በመለኪያ እያጠና፣ የጃፓን ቤት ለሁለቱም ወራት እንዲስማማ ለማድረግ ደከመ። ይሁንና የጣራና የግድግዳ ሙቀት መከላከያ የመጀመሪያው የመንግሥት መመዘኛ የወጣው ከነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1980 ሲሆን፣ ለአዲስ ቤቶች ሁሉ በሕግ ግዴታ የሆነው በኤፕሪል 2025 ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ ጃፓናውያን በቆዩት ቤቶቻቸው አንዱን ክፍል እያሞቁ፣ በቀዝቃዛው መተላለፊያና መታጠቢያ ቤት እየተንዘፈዘፉ የብርዱን ወራት ይገፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይወርድ መክሯል፤ ለሽማግሌዎች፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ሊያስፈልግ እንደሚችል አመልክቷል።

ኬንኮ በብርዱ ወራት ሰው የትም መኖር ይችላል ሲል ያሰበው ተነሥቶ መሄድ የሚችለውን ሰው ነበር። የሺኪ ሕይወት ግን ሌላ መለኪያ አስቀምጧል። ቤት ለነዋሪው ተስማሚ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ብርቱው ሰው በጥሩ ወራት ሲደሰትበት ሳይሆን፣ ደካማው ሰው በክፉው ወራት ከስፍራው ሳይነሣ ሊኖርበት ሲችል ነው። ኪዮሺ አርክቴክት አልነበረም፤ ቤቱን አላፈረሰም፤ ሌላም አልሠራም። በሽተኛው በተኛበት ስፍራ ሆኖ ቤቱን ተመለከተና ወረቀቱን በመስተዋት ለወጠ። ሺኪ ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ከጃፓን ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎች መካከል የሚቆጠሩት የአልጋ ላይ ጽሑፎቹ የተወለዱት ግን ከዚያ መስተዋት ሥር ነው።